በስሜ የወጣው ሁለተኛ ቁጥር

ይህን ታሪክ ከዚህ በፊት ለማንም አልነገርኩም። ለንስሐ አባቴ እንኳ የነገርኳቸው ግማሹን ነው። አሁን የምጽፈው ነገሩ በሽማግሌ እጅ ስለገባና ከእንግዲህ የሚደበቅ ምሥጢር ስለሌለ ነው። የሰዎቹን ስም ለውጫለሁ፤ የራሴንም ጭምር። በማንኩሳ ገበያ ሳልፍ ጀርባዬን እያዩ ሲያንሾካሹኩ የኖሩ ግን ስማቸው ባይጠራም ራሳቸውን ያውቃሉ። እነሱም ያንብቡት።

ስሜ ይታይሽ ይሁን። ቡሬ ከተማ በርበሬ እነግዳለሁ። ዛላውን ከገበሬ እቀበላለሁ፣ አስቀንጥሼ አሰጣለሁ፣ አስፈጭቼ እሸጣለሁ። ብቻዬን ነው የምኖረው። ሰው ቤቴ ሲመጣ በር ላይ አነጋግሬ እሸኛለሁ። «እሷ ደረቅ ናት» ይሉኛል፤ ልክ ናቸው።

ከቡሬ በፊት ማንኩሳ አጠገብ ባለ ቀበሌ ባለትዳር ነበርኩ። ታናሽ ወንድሜ አለኸኝ የባሌን ወንድም ደሴን ገደለው። ምክንያቱን ሁሉም እንደየአፉ ያወራዋል፤ እውነቱ የአንድ ክንድ ወሰን ነው። ገፋህ፣ አልገፋሁም ተባባሉ፣ ዱላ ተማዘዙ፣ ደሴ ወደቀና አልተነሣም። ወንድሜ እጁን ሰጠ፣ ተፈረደበት፣ ፍርዱን ጨርሶ ወጣ።

በእኛ አገር ግን ነገሩ በዚህ አይዘጋም። «የታሰረው ለመንግሥት ነው፤ ደሙ የእኛ ነው» ይላሉ። ሽማግሌ ገብቶ ዕርቅ ካልወረደ ገዳይ ባገሩ አይታይም። የሟች ልጅ ካደገ ደግሞ ሰዉ ዓይን ዓይኑን ያየዋል። ጠላ ቤት ሲገባ «የአባትህ ገዳይ ደህና ከርሟል?» ብሎ የሚጠይቀው አይጠፋም። ደሴም ወንድ ልጅ ነበረው፤ ይሁኔ ይባላል። አባቱ ሲሞት ጡት አልጣለም ነበር።

የደሴ ሚስት ማንጠግቦሽ ናት። የሁለት ወንድማማች ሚስቶች ነበርንና የምንኖረው በአንድ ግቢ ነበር፣ ውኃ የምንቀዳውም ከአንድ ምንጭ። የቀብሩ ዕለት ልደግፋት ብጠጋ ነጠላዬን ከትከሻዬ ገፍፋ መሬት ላይ ጣለችው። «የገዳይ እኅት አጠገቤ አትቁም!» አለች። አገር ሰማ። ባሌ ብዙም ሳይቆይ ዕቃዬን በአህያ ጭኖ ወደ አባቴ ቤት ላከኝ። ደግ ሰው ነበር ይሉታል። ነፍሱን ይማር፤ እኔ ግን የማስታውሰው አህያውን ነው።

ወንድሜ ከእስር ሲወጣ ወደ ቆጋ ሄደ። መርዓዊ አጠገብ ባለው የመስኖ እርሻ የሰው ሽንኩርትና ድንች እየጠበቀ፣ በሌላ ስም እየተጠራ መኖር ጀመረ። መታወቂያው የድሮ ስሙን ስለያዘ ሲም ካርድ ለማውጣት ፈራ። በስሜ ሁለተኛ ሲም አውጥቼ በሾፌር ላክሁለት፤ መርዓዊ መናኸሪያ ተቀበለው። ምን አለበት? ለእናቱ፣ ለእኅቱ፣ ለሠራተኛው በራሱ ስም ሲም ያላወጣ ማን አለ? ወንድሜ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ስልኩን ይከፍታል፣ ትንሽ እናወራለን፣ ይዘጋዋል። በእኔ ስልክ ላይ ቁጥሩ የተያዘው «የበርበሬ ደንበኛ» በሚል ነው። ሄጄ አላየሁትም፤ ሰው ይከተለኛል ብዬ ነው። የትኛው ማሳ ላይ እንዳለ አልነገረኝም፣ አዲሱን ስሙንም አልጠየቅሁትም። ያላወቁትን አይናገሩም ተባብለን ነበር። ወንድሜን ከእኔ ጋር ያገናኘው ያ ቁጥር ብቻ ነበር።

ዘንድሮ በርበሬ በሚሰጣበት ሰሞን፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ከስልክ ድርጅቱ መልእክት መጣ። የደንበኞች መረጃ በሌቦች እጅ ገብቷል፤ ደንበኞች መታወቂያቸውን ይዘው ፍኖተ ሰላም ቢሮ ቀርበው ካሳ ይጠይቁ ይላል። አንብቤ ተውሁት። ካሳ አልፈልግም፤ ከቢሮ ሰው ጋር ምን አለኝ?

ከሰዓት ወፍጮ ቤት ስሄድ ባለወፍጮው ምትኩ ስልኩን ይዞ ሰው ከቦታል።

«እትዬ፣ ይምጡ! እርስዎም አሉበት።»

«ምን ላይ?»

«የተሰረቀው መረጃ ላይ ነዋ። ኔት ባይኖርም ከስልክ ስልክ እየተቀባበልነው ነው። ስም ሲጽፉ ቁጥሩን ያወጣል። ይኸው የእርስዎ። ለካ ሁለት ስልክ አለዎት! አንዱ ቡሬ፣ አንዱ መርዓዊ። መርዓዊ ደግሞ ማን አለ? ዝም ብለው ወዳጅ ይዘዋል እንዴ?»

ወፍጮ ቤቱ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ስሜን የሚያውቅ ሁሉ ያንን ቁጥር ማየት ይችላል ማለት ነው። ይሁኔ ስሜን ያውቃል። አሁን የሃያ ምናምን ዓመት ጎረምሳ ነው፤ ፍኖተ ሰላም ላይ ባጃጅ ይነዳል። ባጃጅ ነጂ የማይሰማው ወሬ የለም።

በርበሬዬን እዚያው ትቼ ወጣሁ። ደወልኩ። ዝግ ነው። ደግሜ ደወልኩ፤ ዝግ ነው። እሑድ እስኪደርስ አይከፍተውም። ሄጄ ላስጠነቅቀው ብል የት ብዬ? የማንን ስም ጠርቼ? ለሚፈልጉት ሰዎች መንገድ እንዳይሆን ብለን ያጠርነው አጥር እኔኑ ከውጭ አስቀረኝ። አንድ ሐሳብ ብቻ መጣልኝ፤ ቢሮ ሄጄ ቁጥሩን በስሜ ላይ እንዲፍቁልኝ።

በማግሥቱ ማለዳ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ማንኩሳ ስንደርስ እንደ ልማዴ ነጠላዬን ወደ ፊቴ ሳብሁ። ፍኖተ ሰላም ስገባ የቢሮው ደጅ በሰው ተሞልቷል። ገበሬው፣ ካህኑ፣ ነጋዴው ሁሉ መታወቂያውን በእጁ ይዟል። አንዱ ካህን «ምኔን ሰረቁኝ ብዬ ልናገር? ስልኬ ላይ ያለው የእድር ሰብሳቢው ቁጥር ነው» እያሉ ያስቃሉ።

ውስጥ አግዳሚው ላይ ቦታ አግኝቼ ተቀመጥሁ። ነጠላዬን ሳስተካክል ከጎኔ የተቀመጠችውን ሴት አየኋት።

ማንጠግቦሽ ናት።

ጠጉሯ ነጭ ሆኗል። ከቀብሩ ወዲህ ቃል ተነጋግረን አናውቅም፤ ለቅሶ ቤት ስንገናኝ እንኳ አንዳችን ተነሥታ ትወጣለች። ልነሣ ስል ስልኳን እያየች፣ ወደኔ ሳትዞር ተናገረች።

«ተቀመጪ። ሰው እያየ ነው።»

ተቀመጥሁ።

«ሁለት ስልክ አለሽ አሉ» አለች።

የምታውቅ ከሆነ ልጇም ያውቃል። በመስኮት ሳይ ይሁኔ ባጃጁን ከበሩ ፊት ለፊት አቁሞ ተደግፎት ቆሟል። ቁርጥ አባቱን። መውጫው በሱ በኩል ነው፤ ውስጥ ያለችው እናቱ ናት። በሕይወቴ እንደዚያች ሰዓት መፈናፈኛ ያጣሁበት ጊዜ የለም።

«ቀጣይ!» አሉ። ተራው የኔ ነበር።

ጠረጴዛው ላይ ያለችው ልጅ ያገር ልጅ አትመስልም፤ መታወቂያ በአንገቷ አንጠልጥላለች፤ ፊቷ ግን ደግ ነው።

«እማማ፣ በስምዎ ሁለት ቁጥር አለ። በየቁጥሩ የደረሰብዎትን ጉዳት ይንገሩኝ።»

«ጉዳት የለም። ካሳም አልፈልግም። ሁለተኛውን ሰርዢልኝ።»

«ለመሰረዝ ሲሙን ይዘው መምጣት አለብዎት። ይዘውታል?»

«ጠፍቶብኛል።»

«አልጠፋም እኮ፤ ባለፈው እሑድ ሠርቷል።» ኮምፒውተሯን አየች። ድምፅዋን ከፍ አደረገችው፤ ለወጣት ያረጀ ሁሉ ደንቆሮ ይመስለዋል። «መርዓዊ አካባቢ የሚሠራው ቁጥር! ማነው የሚጠቀምበት?»

ከኋላዬ የነበረው ጫጫታ ቀነሰ።

«ቀስ በይ ልጄ።»

«ተጠቃሚውን ካላወቅን እኮ መዝጋት አንችልም፣ ሌባም ሊሆን ይችላል። ተጠቃሚው ያልታወቀ ቁጥር ከነቦታው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፤ መመሪያ ነው።»

«እንግዲያው ተዪው። እንዳለ ይሁን። ልሂድ።»

«አንዴ ከፍቼዋለሁ እማማ። ወይ ሰውየውን ይንገሩኝ፣ ወይ ይለጠፋል። ምን ጉዳት እንደደረሰብዎት ብቻ ቢነግሩኝ እኔም እረዳዎት ነበር።»

እናንተ ብትሆኑ ምን ትሏት ነበር? ጉዳቱ ሊደርስ የሚችለው እሷ የጠየቀችኝን ስነግራት ነው። ካልነገርኳት ደግሞ ደጅ ላይ ትለጥፈዋለች፤ ይሁኔ ከቆመበት ሁለት እርምጃ ሳይራመድ ያነበዋል።

ከኋላዬ ነጠላ ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ።

«የኔ ነው» አለች ማንጠግቦሽ።

ልጅቱ ቀና አለች። «ምኑ?»

«መርዓዊ ያለው ስልክ። ሽንኩርት ላመጣ ስመላለስ የምይዘው ነው። እሷ በስሟ አውጥታ ሰጠችኝ፤ ያኔ መታወቂያ አልነበረኝም።»

«እርስዎና እሳቸው ምን ናችሁ?»

ማንጠግቦሽ ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ ሳበች። «ዘመድ ነን። በባሎቻችን።»

ዞሬ አየኋት። አላየችኝም። ልጅቱ በጥርጣሬ የጠረጴዛውን ስልክ አንሥታ ያንን ቁጥር መታች። የኋላ ኋላ «ዝግ ነው» አለች።

«ባትሪው ሞቷል» አለች ማንጠግቦሽ፤ ዓይኗ እንኳ አልተርገበገበም። «እቤት ነው።»

«እንግዲያው ወደ እርስዎ ስም እናዛውረዋለን። ቁጥሩ ያው ነው፤ አሮጌው ሲም ይዘጋል፣ አዲስ እሰጥዎታለሁ። የእሳቸው ስም ከላዩ ይነሣል። እማማ፣ ይስማማሉ?»

እስቲ ይህን አስቡት። እሺ ካልኩ ወንድሜ እሑድ ስልኩን ሲከፍት ሙት ይሆንበታል፤ እኔም የማገኝበት መንገድ አይኖረኝም፤ የሚደውልለት ሰው ካለ ደግሞ የሚያነሣው በሱ እጅ የሞተው ሰው ሚስት ናት። እሺ ካላልኩ ቦታው ሰሌዳ ላይ ነው። ይህች ሴት ነጠላዬን የገፈፈችኝ ናት። አሁን የወንድሜን ክር ከእጄ እየወሰደች ነው፤ ለማዳን ይሁን ለማጥመድ አላውቅም።

«ትስማማለች» አለች ማንጠግቦሽ። ቀጥላ በጆሮዬ፣ «በደሴ አጥንት» አለች።

በባሏ አጥንት ስትምል ሰምቼ አላውቅም ነበር። ፈረምሁ።

አዲሱን ሲም እዚያው ስልኳ ውስጥ ከድሮው ሲም ጎን አስገቡላት። ስልኩን በጨርቅ ጠቅልላ ደረቷ ውስጥ ከተተችውና «ነይ» አለችኝ።

«በሚኒባስ እሄዳለሁ።»

«ነይ አልኩሽ። ብቻሽን ብትወጪ ይከተልሻል።»

ይሁኔ ሲያየኝ ከባጃጁ ቀና አለ። ሰላምታ የሰጠኝ በአንቱታ ነው፤ አስተዳደጉ አይወቀስም። «እትየ ይታይሽ፣ እንደምን አሉ? እስከ ማንኩሳ አብረን ነን? ይግቡ።»

ገባሁ። ከጎኔ ማንጠግቦሽ ተቀመጠች። ከተማውን ወጣን። ከዚያ ባጃጁን ዳር አስያዘና ሞተሩን ሳያጠፋ አቆመ። በመስታወቱ ዓይኑን አየሁት።

«እትየ፣ ልጆች ያንን የተሰረቀ መረጃ አሳዩኝ። በስምዎ መርዓዊ ላይ ቁጥር አለ። የማን ነው?»

«የኔ ነው» አለች እናቱ።

«እማየ፣ እሳቸውን ነው የጠየቅሁት።»

«እኔም ነግሬሃለሁ።»

«የአንቺን ቁጥር አላውቀውም እንዴ?»

«ሁለተኛ የለኝም አልኩህ? ሴት ስለሆንሁ ሁለት ስልክ አይገባኝም?»

ሳቀ፤ ሳቁ ግን አላማረኝም። «ትናንት ሌሊቱን ስደውለው አደርሁ። ዝግ ነው።»

«አሁን ደውል።»

«እማየ...»

«ደውል አልኩህ!»

ኪሱ ውስጥ የነበረውን ስልክ አወጣ። ቁጥሩን ከምንም ላይ አላየም፤ በቃሉ ይዞታል። ያን ሳይ እጄ በራሱ ጊዜ የባጃጁን ብረት ጨበጠ። ደወለ። ስልኩን ጆሮው ላይ ሳያደርግ ጠበቀ።

የእናቱ ደረት ውስጥ ጠራ።

ጠራ፣ ጠራ። ማንጠግቦሽ አላወጣችውም። ቀጥ ብላ ተቀምጣ ልጇን አየችው፤ እሱም በመስታወቱ አያት። መኪና አልፎን አቧራው ተነሣና ገባ። ሞኝ ልጅ አይደለም። ሁለተኛ ስልክ ለምን እንደያዘች፣ ለምን ሌሊቱን ዝግ እንደነበረ፣ ለምን ዛሬ ከቢሮ እንደወጣች የማይገጣጥም ልጅ አይደለም። ግን ስልኩ በሱ ፊት የጮኸው የጠባው የእናቱ ጡት ባለበት ቦታ ነው። ከዚያ ምን ብሎ ይጠይቅ?

«ዝጋው» አለች። «ካርድ አትጨርስ።»

ዘጋው። እስከ ማንኩሳ ቃል አልተናገረም።

ማንኩሳ መገንጠያው ላይ አወረደንና ተመለሰ። ሁለት አሮጊቶች መንገድ ዳር ቀረን። ማን መጀመሪያ እንደሚናገር አላውቅም ነበር፤ እኔ ነኝ የተናገርሁት።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?»

«ብዙ ዓመቱ ነው። መርዓዊ ገበያ ሽንኩርት ስገዛ አየሁት። ጆንያ ተሸክሞ መጣ። እኔ አወቅሁት፤ እሱ መሬት መሬት ነው የሚያየው። ተስፋዬ ብለው ጠሩት።»

ተስፋዬ። የአንድ እናት ልጅ የሆንሁት እኔ የማላውቀውን ስም እሷ ታውቀዋለች።

«ለምን ዝም አልሽ?»

«ልንገር? ለማን? ለይሁኔ?» ፊቷ ተቀየረ። «እኔ ባሌን ቀብሬያለሁ፤ ልጄን ደግሞ ለወህኒ ልስጥ? የወንድምሽን ነፍስ ወድጄ መሰለሽ? ደም የነካውን የአባቱን ልብስ አውጥተሽ አሳዪው ሲሉኝ አቃጥዬዋለሁ ብዬ ዋሽቻለሁ። ጠላ ቤት የሚሉትን እየሰማሁ ኖሬያለሁ። ይህ የስልክ ነገር ባይመጣ ይዤው እሞት ነበር።»

«ይህን ሁሉ ዓመት ግን የገዳይ እኅት ብለሽ...»

«አሁንም ነሽ» አለች።

ምን ይባላል? ነኝ።

መቀነቷን ፈታ አድርጋ ደግማ አሰረችና ቀጠለች። «እሑድ ሂጂ። ቆጋ ከግድቡ በታች ባለው ቤተ ክርስቲያን ያስቀድሳል፤ አንድ ጊዜ ተከትዬ አይቼዋለሁ፤ ከበሩ በስተግራ ዛፍ ሥር ብቻውን ይቆማል። ከዚያ ቦታ ይነሣ። ልጄ አንድ ጊዜ ዝም አለኝ፤ ሁለተኛ ዝም ማለቱን አላውቅም።» ዞራ ሄደች። እኔም ደኅና ሁኚ አላልኳትም።

እሑድ ሄድሁ። ከበሩ በስተግራ፣ ዛፉ ሥር፣ የጎበጠ ሽማግሌ ቆሟል። ስልኩን እያገላበጠ እየነካካ ነው፤ አልሠራ ብሎታል። ከፊቱ ቆምኩ። ቀና ብሎ አየኝና «ምን ሆነሽ መጣሽ? ማን ሞተ?» አለኝ። «ማንም አልሞተም» አልኩት። ይህን ለማለት መታደሌ የገባኝ በኋላ ነው። በዚያው ሳምንት ከዚያ ተነሥቶ ሄደ። የት እንደሄደ ግን አልጽፍም፤ ዕርቁ ገና አልወረደም።

አንባቢዎቼ፣ ሰው ምሥጢር ሲይዝ ብቻውን የታሰረ ይመስለዋል። እኔም ጉድጓዴ ውስጥ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ ብዬ በሩን ዘግቼ አረጀሁ። ግድግዳው ማዶ ያንኑ ምሥጢር ታቅፋ የተቀመጠች ሌላ ሴት ነበረች፤ ከሁሉ የምጠላት። ይህን ማወቄ አላለሰለሰኝም። እንዲያውም ያናድደኛል። አንዲት ቃል ብትነግረኝ ኖሮ ወንድሜን እንደ ሰው ባየሁት ነበር። እኔም ብነግራት ኖሮ ትሉ ይሆናል። ነጠላዬን መሬት ላይ የጣለችው ግን እኔ አይደለሁም።

ካሳው በኋላ ወጣ። ድርጅቱ ለየቁጥሩ የመደወያና የኢንተርኔት ጥቅል ሰጠ፤ ኔት በሌለበት አገር የኢንተርኔት ጥቅል። የሁለተኛው ቁጥር ድርሻ ለማንጠግቦሽ ደረሰ። በወግ ቢሆን ለደሴ ደም ካሳ መክፈል የነበረብን እኛ የገዳይ ወገኖች ነበርን፤ ከወንድሜ ቁጥር የተገኘውን ግን የስልክ ድርጅቱ ከፈላት። እስከዛሬ በእጇ የገባው ካሳ ያ ብቻ ነው።

የደብረ ታቦር በዓል ካለፈ በኋላ አንድ እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ ስልኬ ጠራ። «የበርበሬ ደንበኛ» ይላል። ረስቼው «አለኸኝ!» ብዬ አነሣሁት።

«እኔ ነኝ» አለች ማንጠግቦሽ። «ይሁኔ ትናንት ምሳ ላይ ተናገረ። ከዚያ ቀን ወዲህ የመጀመሪያው ነው። 'እማየ፣ ያ ስልክ እስከ መቼ ደረትሽ ውስጥ ይኖራል?' አለኝ።»

«አንቺ ምን አልሽው?»

«እነሱ ሽማግሌ እስኪልኩ አልኩት። ዝም አለ። ዝምታው ግን የባጃጁ ጊዜ ዝምታ አይደለም። ላኪ። ሳይቀዘቅዝ ላኪ።»

ላክሁ። ገና ብዙ ምልልስ አለ፤ ወንድሜም በሸመገለ አንገቱ ድንጋይ ተሸክሞ መቆም ይጠብቀዋል። ቀኑ ሲደርስ እኔ ከየትኛው ወገን እንደምቆም ሽማግሌዎቹም አልነገሩኝም።

ማንጠግቦሽ አሁንም እሑድ እሑድ ትደውላለች። ስለ ሽማግሌዎቹ ታወራለች፣ አንዳንዴ ስለ በርበሬ ዋጋ ትጠይቃለች፤ ያው ጠባይዋ ነውና ሳትሰናበት ትዘጋዋለች። ይቅር አላልኳትም፤ እሷም አልጠየቀችኝም። የቁጥሩን ስም ስልኬ ላይ አልቀየርሁትም። ሲጠራ ግን አነሣዋለሁ።